ኮንሰፕት አርቲስት ለመሆን ላሰባችሁ፦ ሎኑን ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ሃይስኩል ሊጨርሱ ለደረሱ ልጆችና ለወላጆቻቸው ነው። በተለይ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ላለን ሐበሾች። እዚህ "የእገሌ ልጅ እኮ እዛ ገባች" ይባልና ሌላው ሳያጣራ ይከተላል።

በቅርቡ ከእህቴና ከልጇ ጋር አንድ የግል አርት ኮሌጅ ሄደን ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጅቷ እጇ የተባረከ ነው፤ ፍላጎቷ ኮንሰፕት አርት ነው። ለማታውቁት፣ ጌሙ ወይም ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ገጸ ባሕርያቱን፣ ልብሱን፣ ከተማውን፣ የጦር መሣሪያውን ሁሉ በሥዕል የመንደፍ ሥራ ማለት ነው። የተቀበለን ሰውዬ አንደበቱ ማር ነው። ላብራቶሪውን አስጎበኘን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የትልልቅ ጌሞች ፖስተሮች እያሳየ "ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ ሠርተዋል" አለን። ስንት ተማሪዎች? መቼ የተመረቁ? ሳቅ ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰደን። ዋጋውን ስጠይቀው ደግሞ "ለወላጅ የሚሰጥ ብድር አለ፣ አሁን ምንም አትከፍሉም" አለና ታብሌቱን ወደ እህቴ ገፋ አደረገው። እዛው እንድትፈርም። ቦታ እያለቀ ነው ተባለ። አልፈረመችም፣ ግን ከዚያ በኋላ በስልክ መድረሻ አሳጧት።

"አሁን ምንም አትከፍሉም" የምትለዋን ቃል ስትሰሙ ቁጭ በሉና አስቡ። ብድሩ ፓረንት ፕላስ ይባላል። የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ሰው ሁሉ "መንግሥት አለበት፣ ምን ይመጣል" ይላል። የሚመጣው ይኸውላችሁ። ባለዕዳው ልጁ አይደለም፣ ወላጁ ነው። ልጁ ቢመረቅም ቢያቋርጥም፣ ሥራ ቢይዝም ባይዝም ዕዳው በወላጅ ስም ይቀራል። ሲያበድሯችሁ ገቢያችሁን አይመዝኑም፤ የሚያዩት የክሬዲት ታሪካችሁ (የዕዳ አከፋፈላችሁ መዝገብ) ላይ ከባድ ችግር አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው፣ ስለዚህ መክፈል ትችላላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው የለም። ከሐምሌ 2025 እስከ ሰኔ 2026 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ባለው ጊዜ ለሚለቀቀው ብድር ወለዱ 8.94% ነው፣ የሚቆጥረውም ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ልጁ ገና ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እያለ ማለት ነው። በዛ ላይ 4.228% የብድሩ ክፍያ ተብሎ ከላዩ ይቆረጣል። 20 ሺህ ዶላር ስትበደሩ ለትምህርት የሚውለው 19,150 ገደማ ነው፣ ወለድ የምትከፍሉት ግን በ20 ሺሁ ነው።

ከሐምሌ 2026 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ በዚህ ብድር መውሰድ አይቻልም። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን 65 ሺህም ቢሆን በዚያ ወለድ ሲሰላ ወለዱ ብቻ በዓመት 5,800 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዋናው ዕዳ ሳይነካ። የግል አርት ኮሌጆች ክፍያ ደግሞ፣ ባልቲሞር ያለውን ማይካን ጨምሮ፣ ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር ያልፋል። ስለዚህ የጎደለውን ከግል ባንክ ተበደሩ መባሉ አይቀርም፣ ያኔ "ኮሳይን አድርጊለት" (አብረሽ ፈርመሽ ዋስ ሁኚው) ተብላ አክስት ትጠራለች፣ አጎት ይጠራል፣ አንዳንዴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ሳይቀር።

"ተመራቂዎቻችን ሥራ ያገኛሉ" የሚለው ቁጥር ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። አርት ኢንስቲትዩትስ የሚባለውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፣ አሜሪካን ያዳረሰ የትርፍ ድርጅት ነበር፣ እዚሁ አርሊንግተን ሮዝሊን ላይም ካምፓስ ነበረው። ከተመራቂዎቹ ከ80% በላይ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ በሙያቸው ሥራ ይይዛሉ እያለ ያስተዋውቅ ነበር። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት መዝገቡን ሲያገላብጥ ቁጥሩ የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ካምፓስማ የተመራቂዎቹ አማካይ ገቢ ከፍ እንዲል የሴሬና ዊሊያምስን ገቢ ደምሮበታል። አዎ፣ የቴኒሷን ሴሬና! ፋሽን ዲዛይን ለመማር ተመዝግባ ነበርና።

የቀሩት ካምፓሶች በመስከረም 2023 መጨረሻ በአንድ ቀን ተዘጉ። በግንቦት 2024 መንግሥት ወደ 317 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች 6.1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ። ደስ ይላል፣ ግን ዝርዝሩን እዩት። የተሰረዘው ከጥር 2004 እስከ ጥቅምት 2017 አጋማሽ ባለው ጊዜ የተማሩ ሰዎች የፌዴራል ብድር ነው። ከግል ባንክ የተበደረው ሰው በዚህ ውሳኔ አልተነካም። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ውሳኔው እስኪመጣ ስንት ዓመት ሲጨነቅ እንደኖረ አስቡት።

"ያ የትርፍ ድርጅት ስለሆነ ነው" የሚል ይኖራል። ፊላደልፊያ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ ለትርፍ የማይሠራ፣ ታሪኩ ከ1876 የሚጀምር የተከበረ ተቋም ነበር። ግንቦት 31 ቀን 2024 ልዘጋ ነው አለ፣ ሰኔ 7 ተዘጋ። ሳምንት ነው የሰጣቸው።

ታዲያ ምን ትጠይቁ? ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አስገቡና ተመራቂዎቹ ስንት እንደሚያገኙ፣ ስንት ዕዳ ይዘው እንደሚወጡ በየትምህርት ክፍሉ ተመልከቱ። አንዳንዱን ክፍል ቁጥር ላያወጣ ይችላል፣ ያኔ ትምህርት ቤቱን ራሱን አፋጡት። ከዚያ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎችን ፖርትፎሊዮ (ለቀጣሪ የሚቀርብ የሥራ ናሙና) አሳዩን በሉ። የመረጧቸውን ሦስት አራት ኮከቦች አይደለም፣ የሁሉንም። የተማራችሁትን ኮርስ ክሬዲት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ከሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ አግኙ፣ ከሻጩ አፍ አይደለም። "ዛሬ ካልፈረማችሁ" የሚል ቃል ከመጣ ተነስታችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። ስቱዲዮዎች የሚያዩት ፖርትፎሊዮ ነው። ዲግሪ ስላለህ ብቻ ማንም አይቀጥርህም፣ ስለሌለህም ብዙ ጊዜ ማንም አይመልስህም። ግን ፖርትፎሊዮ ማለት የሚያምሩ ሥዕሎች ስብስብ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጎበዝ ሰዓሊ የሚወድቀው። የምትነድፈውን ነገር ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በስሪዲ (ዙሪያውን የሚታይ ቅርጽ አድርጎ) ይሠራዋል፣ ስለዚህ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ እንዴት እንደሚታይ፣ መቀነቱ በምን እንደሚያያዝ፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት ማሳየት አለብህ። መጀመሪያ የሞከርካቸውን ትንንሽ ንድፎችም ያያሉ፣ እንዴት እንደምታስብ ማወቅ ስለሚፈልጉ። የመቶኛዋን ቆንጆ ተዋጊ ልጅ ፊት ከምትስል አንድ ገበያ፣ አንድ መርከብ፣ አንድ የጤፍ ወፍጮ ቤት ከነማሽኑ ንደፍ።

ይህን ሁሉ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ መማር ይቻላል። የስሪዲ መሥሪያው ሶፍትዌር ብሌንደር ነፃ ነው፣ የሥዕል መሣያው ክሪታ ነፃ ነው። ለመጀመሪያ የምትበቃ የሥዕል ታብሌት ከመቶ ዶላር በታች ትገኛለች። ድሮውአቦክስ የሚባለው ድረ ገጽ መስመርና ፐርስፔክቲቭን (የርቀትና የቅርበት አሳሳልን) ከባዶ በነፃ ያስተምራል፣ አሰልቺ ነው ግን ይሠራል። ሲንጋፖር የዲዛይን ትምህርት ቤት ያለው ፌንግ ዡ የሚባል ሰው "ዲዛይን ሲኒማ" በሚል ስም ዩቲዩብ ላይ ያስቀመጣቸው ረጃጅም ትምህርቶች ስለ ሥራው እውነቱን ይነግሯችኋል።

ግን በራስ መማርም የራሱ ሌቦች አሉት። ኢንስታግራም ላይ "በሦስት ወር ስቱዲዮ አስገባሃለሁ" የሚል ሜንቶር ሞልቷል። ስሙን ፈልጉት፣ በየትኛው ጌም ላይ ሠርቷል? ጌሞች መጨረሻቸው ላይ የሠራተኛ ስም ዝርዝር አላቸው፣ ከሌለበት እለፉት። ሰርተፊኬትም አትግዙ፣ የሚጠይቃችሁ የለም። ሌላው ችግር ብቸኝነቱ ነው። ስህተትህን የሚነግርህ ከሌለ ያንኑ ስህተት ዓመት ሙሉ በፍጥነት መሥራት ትለምዳለህ።

ለዚህ ነው እኔ ኮሚኒቲ ኮሌጅን የምመክረው። ሞንጎመሪ ኮሌጅ የአርትና ዲዛይን ትምህርት አለው፣ ኖቫም (የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚኒቲ ኮሌጅ) የሥዕል ኮርሶች ይሰጣል። ሰው ፊትህ ቆሞ እየሳልክ፣ መምህር እያረመህ፣ ዋጋው ደግሞ ከግል አርት ኮሌጅ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማታ ማታ ፖርትፎሊዮህን ትሠራለህ። በዚህ መሀል ሐሳብህን ብትቀይር ክሬዲትህን ይዘህ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለህ። ገበያው እንደሆነ ከባድ ነው፣ በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ብቻውን ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው አሰናብቷል፣ ሥዕል የሚያመርተው ኤአይም መጥቷል። ሐሳብ መቀየሪያ በር ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። ፓሳዲና ያለው አርትሴንተር፣ ፍሎሪዳ ያለው ሪንግሊንግ ስመ ጥር ናቸው፣ መምህራኑም ተማሪው የሚያገኛቸው ጓደኞችም ዋጋ አላቸው። አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ካገኘህ ዓይንህን ሳታሽ ግባ። በሙሉ ብድር ከሆነ ግን እነሱም ቢሆኑ አይሆንም፣ የእኔ አቋም ይሄ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ ደግሞ አንድ የሚለይ ነገር አለ። አሜሪካ በኤች ዋን ቢ ቪዛ ለመሥራት ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም አቻው ይጠየቃል። ስለዚህ ለእናንተ ወረቀቱ ሌላ ጥቅም አለው፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ቢሆን።

አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ዕዳ ውስጥ ላላችሁ፦ ትምህርት ቤቱ ዋሽቷችሁ ከሆነ ቦሮወር ዲፌንስ የሚባል አቤቱታ አለ። እየተማራችሁ ወይም በወጣችሁ በ180 ቀን ውስጥ ከተዘጋ ደግሞ የፌዴራል ብድሩ ሊሰረዝ የሚችልበት ሌላ መንገድ አለ። ሁለቱም የሚቀርቡት ስቱደንትኤድ ዶት ጎቭ ላይ ነው፣ በነፃ። "ዕዳህን አሰርዝልሃለሁ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ላክ" ብሎ ለሚደውል ሰው አንድ ዶላር እንዳትልኩ። የአካውንታችሁን ፓስወርድም አትስጡት።