ሻምብር ዶት ወይስ የመንገድ ዳር ሆቴል? የፈረንሳይን ገጠር በመኪና ለሚዞሩ

ከጀርመንም ይነሳ ከአዲስ አበባ፣ የፈረንሳይን ገጠር በመኪና ሊዞር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ማደር ይረክሳል?» ብሎ ነው። ሁለት ሆናችሁ በየማታው ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ መልሱ ሻምብር ዶት ነው፤ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት የሚከራይ፣ ቁርስ ያለው መኝታ። የሆቴሉ ርካሽነት ስልካችሁ ላይ ሲታይ ነው እንጂ ጠዋት ሒሳብ ሲደመር የለም።

እስቲ እንደምረው። ከተማ መግቢያው አደባባይ ላይ ያለው ባለብዙ ቅርንጫፍ ሆቴል ለሁለት ሰው 62 ዩሮ ይላል እንበል። ቁርሱ ለብቻ ይከፈላል፤ በሰው 9 ዩሮ ቢሆን 80 ገባ። ራት ፍለጋ መኪና ማስነሳት የግድ ነው፤ በሰው 22 ዩሮ ብትበሉ 124፤ ወይንና ቡና ሲታከልበት ወደ 140 ይጠጋል። ሻምብር ዶቱ ደግሞ 80 ቢል ቁርሱ እዚያው ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ ራት የሚያቀርቡ ከሆነ (ታብል ዶት ይባላል) በሰው 28 ዩሮ ቢያስከፍሉ ድምሩ 136 ይሆናል፤ ወይኑና ቡናውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይካተታል። በገንዘብ ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ግን እዚህ ጠጥታችሁ ደረጃ ትወጣላችሁ፣ እዚያ ጠጥታችሁ መሪ ትጨብጣላችሁ፤ የሕጉ ጣሪያ ደግሞ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው። የማደሪያ ግብር በሁለቱም ቦታ በአዋቂ ሰው ልክ ይጨመራል፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም።

ችግሩ ስሙን ይዞ የሚሸጠው አስመሳይ ነው። ትክክለኛው ሻምብር ዶት በሕግ ከ5 ክፍልና ከ15 እንግዳ አይበልጥም፣ ለማዘጋጃ ቤት የተመዘገበ ነው፣ አንሶላና ፎጣ ያቀርባል፣ መኝታውና ቁርሱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ማስታወቂያው «ቁርስ 10 ዩሮ ተጨማሪ» ካለ፣ ወይም ቁልፉን በር ላይ ካለ ባለቁጥር ሳጥን አውጡ ካላችሁ ቤቱ ስሙን ተውሷል ማለት ነው፤ እለፉት። የዢት ደ ፍራንስ (የገጠር ማረፊያዎች ማኅበር ነው) ምልክት ያለበት ቤት እንደ ሆቴል ኮከብ ከ1 እስከ 5 የስንዴ ዛላ ይሰጠዋል። ዛላው የቤቱን ምቾት ይናገራል፣ የሰውየውን ፀባይ ግን አይናገርም። ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ ይሁን ኮሪደር ላይ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሻምብር ዶት ሰዓት ይፈልጋል፤ ጉዞው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ እንግዳ የሚቀበሉት ከ17 እስከ 19 ሰዓት ነው (በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1)። ራቱ አንድ ዓይነት ምግብ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ በአንድ ሰዓት ይቀመጣል። ዘግይቶ የመጣ የቀዘቀዘ ሾርባ ይጠብቀዋል፣ ካልደወለ እሱም ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ቀኑን ከማታው ወደ ኋላ ቁጠሩት። ከፓሪስ በደቡብ ምዕራብ ወዳለችው ሳርላ ከተማ ለሚሄድ፣ እስከ ቪየርዞን መንገዱ ይከፈልበታል፤ ከዚያ እስከ ብሪቭ ያለው ኤ 20 የሚባለው ፈጣን መንገድ ነፃ ነው። በ8 ሰዓት (ከጠዋቱ 2) ከተነሳችሁ ምሳ ሊሞዥ አካባቢ ይደርሳል። ለምሳ በ12 ተኩል (ከቀኑ 6 ተኩል) ግድም ተቀመጡ፤ የገጠር ወጥ ቤት 13 ተኩል (7 ተኩል) ላይ ምድጃ ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ብትለምኑም የለም። ከብሪቭ እስከ ሳርላ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆንም አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በጠባቡ የገጠር መንገድ ፍጥነቱ 80 ነው፣ አንዳንድ አውራጃዎች ወደ 90 መልሰውታል። የመንደሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ራሱ፣ ሌላ ቁጥር እስካልተጻፈ ድረስ፣ «50» ማለት ነው። ቢጫ አልማዝ ምልክት ካላያችሁ ደግሞ ከቀኝ ጠባብ መንገድ ብቅ የሚለው ትራክተር ቅድሚያ አለው። በፈጣኑ መንገድ 130 የነበረው ዝናብ ሲጥል 110 ይሆናል።

ነዳጅ ከፈጣኑ መንገድ ማደያ አትቅዱ፤ ወጣ ብሎ ሱፐርማርኬት ጎን ያለው ይረክሳል። እሑድ ከሰዓት ሠራተኛ የለም፣ ማሽኑ በካርድ ነው የሚሠራው፤ ከመቅዳታችሁ በፊት ከ100 ዩሮ በላይ ለጊዜው ሊይዝባችሁ ስለሚችል በሒሳባችሁ ላይ ተረፍ አድርጉ። ቤንዚኑ ኢ10 ወይም ኢ5፣ ናፍጣው ቢ7 ተብሎ ተለጥፏል። «ጋዞል» የሚለው ናፍጣ ነው፤ የተከራያችሁት መኪና የቤንዚን ከሆነ አትንኩት። መኪናውን ስትረከቡ ሦስት ማዕዘኑና አንጸባራቂ ሰደርያው መኖራቸውን እዩ። ሰደርያው ከመቀመጫ ሳይወጡ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቢቀር ያስቀጣል። መለዋወጫ ጎማም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የሚሰጡት የጎማ መድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ የፈረንሳይኛ ትርጉሙን ወይም ዓለም አቀፉን ፈቃድ አብሮ ይያዝ።

የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ስልኩን ታሳብደዋለች። አንዳንድ የገጠር ቤት የመንገድ ስምም ቁጥርም የለውም፣ የቀበሌው ስም ብቻ ነው፤ ያ ስም ደግሞ በአጎራባች መንደር ሊደገም ይችላል። ባለቤቱን የካርታ ነጥቡን በመልእክት ላኩልን በሉት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ስትይዙ ተናገሩ፣ ራት ላይ አይደለም። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብና እንቁላል ይመጣል፤ «ቬጋን» በሉ፣ ቅቤም እንደማትበሉ ጨምሩበት። ጠዋት «ትራዲሲዮን» የሚባለውን ዳቦ መብላት ይቻላል፤ በ1993 የወጣው ደንብ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው የፈቀደው ማለት ይቻላል፣ ወተት አይገባበትም። ክሩዋሳንና ብሪዮሽ ቅቤ ናቸው።

ክፍያ ላይ፣ ካርድ የማይቀበል ቤት ብዙ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ከተማ ሳላችሁ አውጡ። ቀብድ ሲጠየቁ ደግሞ ወረቀቱን አንብቡ። «አር» ከተባለ ብትቀሩ የምታጡት እሱን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ከሰረዘ እጥፉን ይመልሳል። «አኮምት» ከሆነ ውሉ ጠንካራ ነው፣ ሙሉውን ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ዢት፣ ማለትም ሙሉ ቤት መከራየት፣ ለሚዞር ሰው አይሆንም፤ በሐምሌና በነሐሴ ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፣ አንሶላውና ጽዳቱም በላዩ ይጨመራል። ስድስት ሆናችሁ አንድ ቦታ ሳምንት የምትቀመጡ ከሆነ ግን ከሁሉም ይረክሳል። ሆቴሉንስ? ከአውሮፕላን በ22 ሰዓት (ማታ 4) ለሚወርድና መኪና ተረክቦ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ያዙት፤ ማሽኑ እኩለ ሌሊትም ቁልፍ ይሰጣል።