ሸፊልድ ወይስ ዞሊንገን? የድሮ ምላጭ ለሚያድስ ሰው

ደብረ ብርሃን ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ሁለት የሚታጠፉ ምላጮች አሉኝ፤ አንዱ በእንግሊዟ ከተማ ሸፊልድ፣ ሌላው በጀርመኗ ከተማ ዞሊንገን የተሠራ።

የሸፊልዱ ከባድ ነው። እንደ ሽብልቅ ከወፍራም ጀርባው እስከ ስለቱ ቀጥ ብሎ ይሳሳል። ብረቱ ስለሚበዛ ጠልቆ የገባ ዝገት ቢፋቅለትም የሚተርፍ ገላ አለው። መሳሉ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሰፊ ጎኑ ድንጋዩ ላይ ስለሚያርፍ ብዙ ብረት መፋቅ አለበት።

የዞሊንገኑ ጎኖች ወደ ውስጥ የተቦረቦሩ ናቸው። ድንጋዩን የሚነኩት ጀርባውና ስለቱ ብቻ ስለሆኑ ቶሎ ይሳላል። ጺም ሲቆርጥ ስስ ድምፅ ያሰማል፤ ያን ድምፅ እወደዋለሁ። ዝገት ግን አይችልም። አንዱን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ጫፉ ተሸርፎብኝ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማኅተሙንም እዩ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ እሷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ ስላስገደደ፣ በምላጩ ላይ የተቀረጸ የአገር ስም ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል።

ለጀማሪ ዝገቱ ከላይ ብቻ የሆነ ዞሊንገን ይሻላል፤ ክፉኛ የዛገ ከሆነ ግን ሸፊልዱን አንሱ። በእኛ ክረምት፣ ጉሙ ቤት ድረስ ሲገባ፣ ሁለቱንም ዘይት ሳይቀቡ ማሳደር አይቻልም።