መዳብ ወይስ ጨው መቀነስ? ከሕክምናው በኋላ የሚቀረው

በገንዳ የሚኖር የባሕር ዓሣ በተውሳክ የሚይዘውን ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ሁለቱም መንገዶች፣ ውሃው ውስጥ መዳብ መጨመርም የውሃውን ጨው መቀነስም፣ ያድናሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ዓሣው ከዳነ በኋላ የሚመጣው ነው።

መዳብ ተውሳኩን ይገድላል፣ ግን ገንዳውን በቀላሉ አይለቅም። ድንጋዩና አሸዋው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ መዳቡን ይዘው ያስቀሩታል፤ ቆይተውም ሊለቁት ይችላሉ። በሊትር 0.2 ሚሊግራም ገደማ ለዓሣ መድኃኒት ነው። ለኮራል፣ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ ግን ከዚያ በጣም ያነሰውም መርዝ ነው። ስለዚህ ዋናው ገንዳ ውስጥ እንዳትጨምሩት፣ አደራ! ድንጋይና አሸዋ በሌለው የሕክምና ገንዳ ነገሩ ይቀላል፤ ውሃ መቀየርና አክቲቭ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል) ያጸዱታል። ዓሣው ግን ለጊዜው የምግብ ፍላጎቱ ሊዘጋ ይችላል።

ጨው መቀነስ ገንዳው ውስጥ መርዝ ትቶ አይሄድም። በሊትር 35 ግራም ገደማ የነበረው ጨው ቀስ በቀስ ወደ 12 ገደማ ወርዶ ለሳምንታት እዚያው ይቆያል። ጣጣው ሌላ ነው። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ይወርዳል፤ የማጣሪያው ባክቴሪያም ሊዳከምና አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ሊጨምር ይችላል። በየቀኑ መለካት የግድ ነው። ይህም ቢሆን ኮራልና ሽሪምፕ ባሉበት አይሞከርም። ሲጨርሱ ጨውን መመለስ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል፤ ዓሣን ከጨው መቀነስ ይልቅ የሚጎዳው ድንገተኛ የጨው ጭማሪ ነው።

መዳብ ለማይስማማቸው ዓሦች ጨው መቀነስን እመርጣለሁ። ቬልቬት የሚባለው ሌላ የተውሳክ በሽታ ከተጠረጠረ ግን ጨው መቀነስ አያድንም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ መዳብ ነው።