አሲሎማር፦ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የአሮጌዎቹን ቤቶች ታሪክ ስሙ

የማኅበራችን ሴቶች በዓመት አንዴ ከልጅም ከሥራም ተለይተን አብረን እናድራለን። ዘንድሮ ቦታ የመምረጡ ተራ የእኔ ነበር። አሲሎማርን መረጥኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ይገኛል።

ዛሬ የግዛቱ ፓርክ ነው። መኝታ አለው፣ መመገቢያ አለው፣ የስብሰባ አዳራሽ አለው። የፈለገ ሰው ክፍል ይዞ ያድራል። ሲሠራ ግን ለሴቶች ታስቦ ነው የተሠራው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወወክማን ያውቃል። አሲሎማርን ያቆመው የሴቶቹ ነው፣ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር። ማኅበሩ በየበጋው ወጣት ሴቶችን ሰብስቦ ጉባኤ ያደርግ ነበር፤ የራሱ ቦታ ግን አልነበረውም። በ1912 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፊቢ ሃርስት የምትባል ባለጠጋ ሴት በራሷ ርስት ላይ ተቀብላ አስተናገደቻቸው። ከዚያ አንድ የመሬት ኩባንያ 30 ኤከር ሰጠ፤ ጉባኤውም በ1913 እዚህ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ያደሩት በድንኳን ነው።

ቤቶቹን የነደፈችው ጁሊያ ሞርጋን ናት። ስለ እሷ ሳላወራ አላልፍም። ፓሪስ ያለው ትልቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ኤኮል ደ ቦዛር፣ በ1898 ሲቀበላት በአርክቴክቸር የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1904 ደግሞ በካሊፎርኒያ የአርክቴክት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት። ኦክላንድ ውስጥ ለሚልስ ኮሌጅ የሠራችው የደወል ማማ የ1906ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ችሎ ቆሞ ቀርቷል። በሥራ ዘመኗ 700 ያህል ሕንፃ ነድፋለች፤ ብዙዎቹን ለሴቶች ማኅበራት። ያረፈችው በ1957 ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የወርቅ ሜዳሊያውን የሰጣት በ2014! ለሴት ሲሰጥም ያ የመጀመሪያው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስትደርሱ የምትገቡት በ1913 የተሠራው፣ በፊቢ ሃርስት ስም የተጠራው አዳራሽ ነው። ቁልፍ የምትቀበሉት እዚያው ነው። ቁልፉን ይዛችሁ ወደ ክፍል አትሩጡ። ቀና በሉ። የጣራው ማገር በኮርኒስ አልተሸፈነም፤ ቤቱ በምን እንደቆመ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እንጨቱ ሬድውድ ነው፣ ድንጋዩ ከአካባቢው የወጣ። ትልቅ የእሳት ምድጃ አለ። እኛ ማታ ማታ እሱን ከብበን ነበር የምንጫወተው፤ መኝታ ክፍላችንን ያየነው ለእንቅልፍ ብቻ ነው።

የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ እትዬ፣ ዕድሜያቸው ከሁላችንም ይበልጣል፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ገንዘብ ማን አዋጣው?»

መልሱ ቤቶቹ ላይ ተጽፏል። የ1915ቱ ጸሎት ቤት በግሬስ ዶጅ ስም ነው። የ1928ቱ ትልቁ አዳራሽ በሜሪ ሜሪል ስም። ሁለቱም የማኅበሩ መሪዎች ነበሩ። እትዬ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ብዙ ቆዩ። በመሠዊያው በኩል ትልቅ መስኮት አለ፤ አሸዋውና ባሕሩ በእሱ ይታያል። እኔን ደግሞ የነካኝ ሌላ ነው። ሞርጋን በ1918 እዚያ ለሚሠሩት ልጃገረዶች ጭምር ማደሪያ ቤት ሠርታላቸዋለች። ያስተናገደችውንም የተስተናገደችውንም እኩል አስባለች።

ቦታው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። በኢኮኖሚ ድቀቱ ጊዜ ማኅበሩ ወጪውን መሸከም አቃተው፤ በ1934 ዘግቶ ለመሸጥ ተነሣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለወታደር ቤተሰቦች ማደሪያ ሆነ። በመጨረሻ በ1956 የካሊፎርኒያ ግዛት ወሰደውና ተረፈ። በ1987 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ አርክቴክት፣ ጆን ካርል ዋርነኪ፣ አዳዲስ ማደሪያዎች ጨምሮበታል። መጥፎ አይደሉም፤ ልቤ ግን ከአሮጌዎቹ ጋር ነው።

አሁን ወደ አዳሩ ልምጣ። ክፍሎቹ ቴሌቪዥን የላቸውም፣ ስልክም የላቸውም። አሮጌዎቹ ክፍሎች ጠበብ ይላሉ። ሰፊ ክፍልና ምቾት የምትፈልጉ ሌላ ሆቴል ብትይዙ ይሻላል። ለእኛ ቴሌቪዥን አለመኖሩ ሲሳይ ነበር፤ ወሬያችን አልተቋረጠም። ምግቡ የሚቀርበው በ1918ቱ መመገቢያ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹ ከምግቡ ይበልጥብኛል።

ሹራብ ያዙ። በጋም ቢሆን ጉም ከባሕር ይገባል፣ ይበርዳል። በአሸዋው ላይ የእንጨት መሄጃ ተዘርግቷል፣ እስከ ባሕሩ ያደርሳል። ውኃው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ሞገዱም ኃይለኛ፤ ከዳር ሆናችሁ እዩት። ቤቶቹ በጥድ ዛፎች መሀል ተራርቀው ነው የተሠሩት፣ ብዙ ያስኬዳል። ጉልበት የሚያማቸው እናት ካሉ ስትመዘገቡ ለዋናው አዳራሽ ቅርብ የሆነ ክፍል ጠይቁ። ጤነኞቹ ደግሞ በሞርጋን ዘመን ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ስጡን በሉ። ካልጠየቃችሁ አዲሱ ሊደርሳችሁ ይችላል።