ሐረጎ ዳገት ላይ ለደረሰልኝ በያጅ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ማክሰኞ ከሐርቡ ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ኮምቦልቻን አልፌ የሐረጎን ዳገት ከተያያዝኩት በኋላ ከፒክአፑ የኋላ ቀኝ በኩል አንድ ከባድ ነገር የተሰነጠቀ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሳይ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል) ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አጥንት) ጋር የሚያያዝበት ጆሮ ከብየዳው ሥር ተቀዶ፣ የጭነት ሣጥኑ ወደ ጎማው ተጋድሞ አገኘሁት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጉሙም ከላይ መውረድ ጀምሯል። አስጎትቼ ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ ብል የተጠራብኝ ዋጋ ከሽንኩርቱ ትርፍ የሚበልጥ ሆነ። በዚህ መካከል አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ ጉዳቱን አየና ጄኔሬተር ይዞ መንገድ ድረስ የሚመጣ በያጅ ስልክ ሰጠኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን በያጅ ለማመስገንና በዚህ መንገድ ለምትመላለሱ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ቃሉን አክብሬያለሁ።

ስደውልለት ቀድሞ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ዳገቱን ምን ያህል ወጥተዋል?» ብሎ ነው። የምገኝበትን ቦታ ለማወቅ የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን የሚያሰላው የጄኔሬተሩን ጉልበት ኖሯል። ጄኔሬተሩ በቤንዚን የሚሠራና 5 ኪሎ ዋት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የሚያገለግለው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ እንደሆነ፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ እንደሚያጣ ሥራውን እየሠራ አስረዳኝ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ያው ጄኔሬተር ኮምቦልቻ ላይ 4 ኪሎ ዋት፣ ደሴ ላይ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ቢሰጥ ነው። የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በጠበበ ቢቀይሩት ጥቁሩ ጭስና የካንዴላው ጥቀርሻ ይቀንሳል እንጂ የጠፋው ጉልበት አይመለስም። እኔ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ መኪናዬ ዳገቱ ላይ የሚደክመው በጭነቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጄኔሬተሩን በጭነት ባጃጅ ጭኖ ሲደርስ ከደወልኩለት አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ባጃጁም ያው የሳሳ አየር የሚተነፍስ ነውና ልቆጣው አልቻልኩም። የብየዳ ማሽኑ ኢንቨርተር የሚባለው ቀላሉ ዓይነት ነው። በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ በሚበይደው ዘንግ) በ120 አምፔር ቢበይድ ማሽኑ ከጄኔሬተሩ የሚስበው ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ስለሚደርስ እዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ ይታፈናል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር ግን 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ወፍራሙን ኤሌክትሮድ ከናካቴው ሳያወጣ፣ የተቀደደውን ጠርዝ በግራይንደር ሸርፎ ቦይ ካወጣለት በኋላ በቀጭኑ ሦስት ጊዜ ደረበበት፤ በእያንዳንዱ ድርብ መካከልም ቅርፊቱን በመዶሻ እያራገፈ በሽቦ ብሩሽ ይፈትገው ነበር። ኤሌክትሮዶቹን የሚያመጣቸው ሁለት ጫፉ በተደፈነ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው። እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ውስጥ ለውስጥ እንደሚሰነጥቀው ስለሚያውቅ፣ በዚያ ጉም ውስጥ አንድ አንድ እያወጣ ቱቦውን ወዲያው ይከድናል።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን እሳት ከመጫሩ በፊት ያደረገው ዝግጅት ነው። ሽንኩርቱን አብረን አወረድን፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፤ መኪናውን በክሪክ ካነሣ በኋላም በክሪኩ ብቻ ሳይተማመን ወፍራም እንጨት ከሥር አስገባ። ጄኔሬተሩን ጭሱ ወደ እኛ በማይመጣበት በኩል ራቅ አድርጎ አስቀመጠና የመብራት ገመዱን ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ዘረጋው፤ ተጠቅልሎ ከተተወ ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል አለኝ። የነዳጅ ጋኑንና የፍሬን ቱቦውን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነ። ከዚያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታ። የማሽኑን የመሬት መቆንጠጫ (ኃይሉ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን) የያዘው ደግሞ ሻንሲው ላይ፣ ከስንጥቁ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ካራቆተ በኋላ ነው።

ይህን በዝርዝር የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ጋራዥ ለማርሚታ (ለጭስ ማውጫው) ብየዳ ገብቼ፣ በያጁ ባትሪውን ሳይፈታ መቆንጠጫውን የፊት መከላከያው ላይ ሰክቶ ሲበይድ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞዬ ተቃጥሎብኛል። መቆንጠጫው ከሚበየደው ቦታ ሲርቅ ኃይሉ በኩሽኔታዎቹና በሽቦዎቹ በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ በዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ ክፍሎች) እና ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች ደግሞ ይህን አይችሉም። የጋራዡን ስም አላነሣም፤ አሮጌ ዲናሞ የገዛሁበት ገንዘብም ተመልሶ አይመጣም። ያን ቀን ባትሪው ተፈትቶ ሳይ ግን ትከሻዬ ቀለል አለኝ።

እግረ መንገዱንም ባሌስትራውን ሲፈትሽ ሁለተኛው ቅጠል ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አገኘ። እኔም እዚያው እያለ እንዲበይድልኝ ለመንኩት፣ ጨምሬ ልከፍለውም ቃል ገባሁ። አልተስማማም። «ጋሼ፣ የባሌስትራ ብረት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ብበይደው አጠገቡ ይሰባበራል፤ ጭነው ሲሄዱ የሚሰበር ነገር ሠርቼ ገንዘብዎን አልወስድም» አለኝ። ጆሮውን በተመለከተም እስከ ደሴ በዝግታ እንደሚያደርሰኝ፣ ጭነቱንም ግማሹን ብቻ እንድጭን፣ ሳምንት ሳይሞላም ቅጠሉን በአዲስ እንድቀይርና ጆሮውም በሚገባ እንዲታይ እንዳደርግ አዘዘኝ። ደሴ ደርሼ አንድ የማምነው መካኒክ ሲያየው በብየዳው ላይ የሚነቀፍ ነገር አላገኘም። ቀሪው ሽንኩርት በማግስቱ በሌላ መኪና መጣልኝ።

ሥራው ሲያልቅ ማሽኑን ቢያጠፋም ጄኔሬተሩን ወዲያው አላጠፋውም፤ እንዲቀዘቅዝ ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ አስኬደው። እኔ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ «አብሽር ጋሼ፣ መጀመሪያ መኪናውን ያስነሡና ይንዱት» አለኝ። ወዲያና ወዲህ ነድቼ ካየሁ በኋላ በስልክ ከነገረኝ ዋጋ ላይ አንድ ብር ሳይጨምር ተቀበለኝ። ቤንዚኑ ለብቻው የሚታሰብ መሆኑንም ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

እንከን የለሽ ነው እንዳልል፣ እየበየደ ስልክ አያነሣም፤ አርብ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ ካልሆነ አታገኙትም። አየሩ ወደ ዝናብ ካዘነበለም አልመጣም ይላል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ኤሌክትሪክ ይዞ መሥራትን ስለሚፈራ ነው፣ እኔም በዚህ አልነቅፈውም። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ እርሱን አስፈቅጄ፣ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት የተሰበረው ምን እንደሆነ፣ ብረቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን፣ መኪናው ተጭኖ ወይም ባዶውን መቆሙን፣ ከየትኛው ኩርባ ላይ እንዳላችሁም አዘጋጅታችሁ ጠብቁት፤ የትኛውን ኤሌክትሮድ ይዞ እንደሚወጣ የሚወስነው ከዚህ ነው። ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ያ ቅጠል ተቀይሯል፣ የተሰነጠቀውንም ለማሳየት በመኪናው ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ።