90 ኪሎ ይሸከማል የተባለው ገመድ

የአቧራ መሳቢያ ቱቦ ለማንጠልጠል የሽቦ ገመድ ገዛሁ። ሻጩ «90 ኪሎ ይሸከማል» ሲለኝ አልዋሸም። ያልነገረኝ 90ው ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል መሆኑን ነው። ቡሬ ባለው የዱቄት ፋብሪካዬ ግን ከአቧራ መሳቢያው ቱቦ በላይ የጣሪያ ብረት የለም። ስለዚህ ገመዶቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ነው የታሰሩት። ገመድ ከቀጥታው በ60 ዲግሪ ሲያዘም 90ው 45 ይሆናል። ግማሹ ሄደ! «አልጠየቅከኝማ» ይለኝ ይሆናል። የአሰቃቀሉን ስዕል እኮ አሳይቼው ነበር።

ባዶውን ቱቦ ይዞት ከርሟል። የ1 ሚሊሜትር ላሜራ ነው፣ ወርዱ 50 ሳንቲም። በሜትር 12 ኪሎ ቢሆን ነው። በየ3 ሜትሩ ሁለት ሁለት ገመድ አለው።

ጉዱ የመጣው ክረምት ላይ ነው። እርጥበቱ የማጣሪያውን ጨርቅ ደፈነው። የፋኑ ንፋስ ደከመ። ዱቄቱ መሄዱን ትቶ ቱቦው ውስጥ ተኛ። ቱቦው እስከ ግማሹ ሲሞላ በሜትር 50 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ አስሉት እንግዲህ፣ 45 ለሚችል ለእያንዳንዱ ገመድ 93 ኪሎ ያህል ደረሰው። እኛ ያወቅነው መጋጠሚያው ተከፍቶ ዱቄት ሲዘንብብን ነው።

ገመዱ ግን ንቅንቅ አላለም! አንዱም አልተበጠሰ፣ ከመያዣውም አልሾለከ። ለካ የገመዱ አምራች 90 ብሎ የሚጽፈው ገመዱን ከሚበጥሰው ክብደት አንድ አምስተኛውን ነው። ያተረፈን እሱ ነው፣ የሻጩ ምላስ አይደለም። ያም ሆኖ በዚያ ትርፍ ላይ መኖር ስለማይቻል፣ ቱቦው የሚታጠፍበት አካባቢ ወፈር ያለ ገመድ ጨምሬያለሁ።

የሰፈራችን በያጅ «ጋሼ፣ ይሄን ክር ጥለን ፌሮ ልበይድልዎ» እያለ እስከ ዛሬ ይጨቀጭቀኛል። ዱቄት በሚቦንበት ጣሪያ ሥር ብየዳ? የዱቄት ብናኝ እኮ እንደ ባሩድ ነው የሚፈነዳው። ገመዱን ለማሰር እሳት አያስፈልግም። ጫፉን በመያዣው አሳልፎ መሳብ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም። የገዛሁትም ለዚሁ ነው። የቱቦውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን የኧርዝ ሽቦ ግን ለብቻው አስሩ፣ በገመዱ አትተማመኑ።

መወዛወዙም አናዶኝ ነበር። ፋኑ ሲነሳ ቱቦው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። ሻጩ «ሌላ ምንም አያስፈልገውም» ብሎኝ ነበር፤ ያስፈልገዋል። በቱቦው ርዝመት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚስቡ ሰያፍ ገመዶች ስንጨምር ቆመ።

ድጋሚ ብገዛም ይህንኑ ገመድ እገዛለሁ። ከዚያ ሰውዬ ግን አይደለም።