የዲኮራዋ እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በጀመርኩት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን ልጻፈው፤ ስለ ባለቤቴ የዘር ሐረግ ፍለጋ ነው፤ ምናልባት አንዳችሁን ከኪሳራ ያድናል።

ነገሩን የቆሰቆሰችው እናቴ ናት። የምንኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ አያቶቹ አዮዋ ውስጥ ገበሬዎች ነበሩ። አምና እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ልጄን ዘር ታስቆጥራታለች። ልጅቷ በእኔ በኩል ያለውን እስከ ሰባት ቤት አንበለበለችው። ከዚያ እናቴ ወደ ባሌ ዞረች። "የእሱስ?" አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቆመ። እናቴ ደንግጣ፣ "ታዲያ ሰባት ቤት ሳትቆጥሩ ነው እንዴ የተጋባችሁት?" አለችኝ። አዮዋና ጎጃም የሚዛመዱ ይመስል! እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ነገሩ ውስጡ ገባ።

የሚያውቀው ይህን ብቻ ነበር፦ ቤተሰቡ ከኖርዌይ መጥቶ፣ በሰሜን ምሥራቅ አዮዋ በዊኒሺክ ካውንቲ (እንደ እኛ ወረዳ ያለ ነው) ቀድመው ከሰፈሩት አንዱ ነው።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው "ባለሙያ" ዘንድ ሄድን። ስሙን አልጠራም። 600 ዶላር ተቀበለ። አራት ወር አስጠብቆን ያማረ፣ ባለቀለም የዘር ሐረግ ላከልን። ባሌ ፍሬም ሊያስገባው ሲል ቀኖቹን ያያል። ቅድመ አያቱ የተወለደው አባቱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው! ሰውዬውን ስንጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? "የ1890ው የሕዝብ ቆጠራ ስለተቃጠለ ከዚህ በላይ አይቻልም።" መዝገቡ 1921 ላይ ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ክፉኛ መጎዳቱ እውነት ነው። ግን የሞተ ሰው መውለዱን እሳቱ ያመጣው ይመስል! ብራችንም በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ አንድ ቢሮ ፎርም ሞልተን ላክን። ሁለት ጊዜ ተመለሰ። "የቤተሰብ ስሙ አይመሳሰልም" ይላል። እኛም የምንጠይቀው እኮ ለምን እንደማይመሳሰል ነበር። ስልክ ደወልኩ። ልጅቷ ንግግሬን ሳልጨርስ ዘጋችብኝ። ያን ቀን ባሌ "በቃ ተይው" አለ። ድምፁን ስሰማ አንጀቴን በላኝ።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት ናት "ለምን እዚያው ካውንቲው ድረስ አትሄዱም? የታሪክ ማኅበር አላቸው፣ በነፃ የሚያግዙ ሽማግሌዎች አይጠፉም" ያለችን። በግንቦት አንድ ጠዋት ተነሳን። ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን የካውንቲው ዋና ከተማ ዲኮራ ገባን።

እዚያ፣ የታሪክ ማኅበሩ ቤት ነው እማማን ያገኘናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እማማ ብቻ ልበላቸው። ከሰማንያ ዘለዋል። በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ኮምፒውተር አልከፈቱም። መጀመሪያ ከፔርሙስ ቡና ቀዱልን። ከዚያ "የምታውቁትን ንገሩኝ" አሉ። ባሌ የቤተሰብ ስሙን ነገራቸው። እሳቸውም፣ "ይሄ እኮ የቤተሰብ ስም አይደለም፣ የአባት ስም ነው" አሉት።

ለካ ያኔ በኖርዌይ ገጠር አባትየው ኦሌ ከሆነ ልጁ ኦልሰን ነው፤ የኦሌ ልጅ ማለት። የእሱ ልጅ ደግሞ በእሱ ስም ይጠራል። ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል። በዚያ ላይ የሚኖሩበት እርሻ ስም ይጨመርበታል። አሜሪካ ሲገቡ አንዱ የአባቱን ስም ይዞ ይቀራል፣ ወንድሙ የእርሻውን ስም ይይዛል፤ የአንድ እናት ልጆች በሁለት ስም ይመዘገባሉ። ኖርዌይ ራሷ ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ያስገደደችው 1923 ላይ ነው።

ባሌ ማስታወሻ እየጻፈ ተወናብዷል። እኔ ግን ሳቄ መጣ። "እማማ፣ ይሄ እኮ የእኛ ነው! እኛ ዛሬም በአባት ስም ነው የምንጠራው" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ እርሳሱን ከባሌ እጅ ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። "በይ አንቺ ጻፊ" አሉ።

የተቃጠለውን ቆጠራ ስናነሳባቸው ሳቁ። አዮዋ ለራሷ በ1885 እና በ1895 ቆጥራለች፤ ክፍተቱ በዚያ ይሸፈናል። የ1925ቱ የአዮዋ ቆጠራ ደግሞ የእናትና የአባትን ስም፣ እናትየው ሳታገባ በፊት የነበራትን ስም ሳይቀር ይጠይቃል። አራት ወር የፈጀብን ነገር ከምሳ በፊት ተፈታ።

ከዚያ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ቅጂ አመጡ። በኖርዌይኛ፣ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ጽሑፍ። እኔ የሕፃኑን ስም እፈልጋለሁ፣ የእሳቸው ጣት ግን ክርስትና አንሺዎቹ ላይ ነው። "እነዚህን እይ፤ ብዙ ጊዜ ከዘመድ ነው የሚመረጡት" አሉኝ። ከመካከላቸው አንዷ የእርሻው ስም አላት። የአባትየው እህት ሆና ተገኘች። በእሷ በኩል ፍለጋችን ኖርዌይ ገባ። የክርስትና እናት ለሥጋ ዘመድ መንገድ ስታሳይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የመሬቱን ቁጥር፣ ሴክሽን ምናምን የሚሉትን፣ ጨርሶ አልገባኝም። የገባኝ አሮጌው የካውንቲ ካርታ ነው። በየእርሻው ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል፤ የእኛም አለ። ካርታውን ከመዘርጋታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ተናገሩ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ሆቻንክ የሚባል የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ይኖርበት ነበር፣ 1848 ላይ ተነቅለው ተወሰዱ። የካውንቲው ስም ራሱ የእነሱ አለቃ ስም ነው። ኖርዌጂያኖቹ መስፈር የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1850 ነው። ይህን ሳይሸፋፍኑ መንገራቸውን ወደድኩላቸው።

ያኔ መንግሥት አንዱን ኤከር (የመሬት መለኪያ ነው) በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። 160 ኤከር በ200 ዶላር ማለት ነው። ያ ሰውዬ ከእኛ በወሰደው ሦስት እርሻ ይገዛ ነበር። አሁንም ያንገበግበኛል።

ቤቱ ሲዘጋ የሚሸኙን መስሎን ነበር። በራሳቸው መኪና መቃብር ቦታው ወሰዱን። የእምነ በረዱ ጽሑፍ ተፍቋል፣ በባዶ ዓይን ምንም የለም። ውሃ ረጩበት፣ ለስላሳ ብሩሽ አሳለፉበት፣ ከዚያ ትንሽ መስታወት አውጥተው የፀሐይዋን ብርሃን ከጎን ጣሉበት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ባሌ ተንበርክኮ ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነበው ድምፁ ተሰበረ። እማማ ዞር አሉለት።

ገንዘብ አንቀበልም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ቡና ቆልቼ ሄድኩ። እሱን ግን እምቢ አላሉም።

አሁን ባሌ ስድስት ቤት ደርሷል። እናቴ በስልክ "አንድ ቀራት" ትለዋለች።

የትዳር አጋራችሁ ከዚያ አካባቢ የሆነ፣ እባካችሁ ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት ለካውንቲው የታሪክ ማኅበር ደውሉ። እባካችሁ! የመጀመሪያዎቹ የመሬት ሰነዶች በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። የኖርዌይ መዝገቦችም የአገሪቱ ዲጂታል መዛግብት ላይ በነፃ አሉ። ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ደግሞ ለኖርዌጂያን አሜሪካውያን ዘር ፍለጋ ብቻ የቆመ ማዕከል አለ። ግን መጀመሪያ እንደ እማማ ያለ ሰው ፈልጉ።

በበረዶ ወራት አትሂዱ፣ መቃብሩ አይታይም። ድንጋዩንም በረኪና እንዳታስነኩት። እኔ በሶፍት ልፈትገው ስል እንኳ እማማ እጄን ቸብ አድርገውኛል።